ለረጅም ጉዞ ሲዘጋጁ በሞተር ሳይክልዎ ኤሌክትሪክ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ለመውረድ ያሰበ ሞተረኛ ጎማውን፣ ፍሬኑንና ዘይቱን አሳይቶ ስለ ኤሌክትሪኩ ሲጠየቅ «መብራቱ ይበራል» ብሎ ያልፋል። ከተማ ውስጥ የበራ መብራት ግን ዓባይ በረሃ ላይም እንደሚበራ ዋስትና የለም። መንገድ ላይ የሚያቆመን አብዛኛውን ጊዜ የላላ ማያያዣ፣ የተላጠ ሽቦ ወይም እኛው ራሳችን የጨመርነው ነገር ነው።

አዲስ ባትሪ ገዝቶ ጉዳዩን መዝጋት

ባትሪ ሲደክም ጥፋተኛው ሁልጊዜ ባትሪው አይደለም። ዲናሞው ወይም ሬጉሌተሩ (ወደ ባትሪው የሚገባውን ቮልት የሚቆጣጠረው) ከተበላሸ አዲሱም ባትሪ መንገድ ላይ ያልቃል። የሚለየው ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት የቆየ ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ያነባል። ሞተሩን አስነስተው ነዳጅ ሲሰጡት ንባቡ ወደ 14 ሊጠጋ ይገባል። ከ13 በታች ከቀረ እየሞላ አይደለም፤ ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። አምፖል ቶሎ ቶሎ የሚቃጠልብዎ ከሆነ መጀመሪያ ይህንኑ ይጠርጥሩ።

ሽቦውን ሳይዳስሱ መነሳት

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ፍተሻው ምንም ወጪ የለውም። ሞተሩን አስነስተው፣ መብራቱን አብርተው፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ቀጥሎም ወደ ቀኝ ያዙሩት። መብራቱ ከተርገበገበ ወይም ሞተሩ ከተንገዳገደ በመሪው አንገት በኩል የሚያልፈው የሽቦ ጥቅል ውስጡ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ጥቅሉ ከብረት ጋር በሚፋተግበት ቦታ ፕላስቲኩ መጀመሪያ ያብለጨልጫል፣ ከዚያ ይሳሳል፣ በመጨረሻ መዳቡ ይታያል። ኮረኮንች ላይ ይህ ሁሉ ይፋጠናል።

የባትሪውን ብሎኖችም በእጅዎ ይነቅንቋቸው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ ፈትተው ያጽዱ፤ ሲፈቱ ግን ከኔጌቲቩ ይጀምሩ። ከፖዘቲቩ ከጀመሩና መፍቻው የሞተር ሳይክሉን ብረት ከነካ እሳት ይረጫል።

ፊውዝ ሲቃጠል ከፍ ያለ መተካት

ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። በ10 አምፔር ቦታ 20 የሚያስገባ፣ ይባስ ብሎም የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የሚጠቀልል ሰው ሽቦውን ራሱን ፊውዝ አደረገው፤ ያ ሽቦ ደግሞ የሚያልፈው በቤንዚን ታንኩ ሥር ነው።

ጭማሪ መብራትና ቻርጀር በቀጥታ ባትሪ ላይ ማሰር

ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች ብቻቸውን ከ9 አምፔር በላይ ይወስዳሉ። የባለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ዲናሞ ይህን ተሸክሞ ባትሪም ይሙላ ማለት ዘበት ነው። ኤልኢዲ መብራት ይምረጡ፤ በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) እና በራሱ ፊውዝ፣ ሞተሩ በቁልፍ ሲዘጋ አብሮ እንዲጠፋ አድርገው ያስሩት። በቀጥታ የታሰረ የስልክ ቻርጀርም እርስዎ ሆቴል ተኝተው ሳለ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ሊመጥ ይችላል።

በመነሻው ዋዜማ ላቫጆ

በኃይል የሚረጭ ውሃ ማያያዣዎችና ማብሪያዎች ውስጥ ይገባል። ካጠቡት ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብለው አጥበው፣ ነድተው ይሞክሩት።

«ገፍቼ አስነሳዋለሁ» ብሎ መተማመን

በካርቡሬተር የሚሠራ ከሆነ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ቢገፉት ሊነሳ ይችላል። ኢንጄክሽን (ነዳጁን በኤሌክትሪክ የሚረጭ ሥርዓት) ያለው ግን የነዳጅ ፓምፑ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ፣ ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል ቢለቁትም ላይነሳ ይችላል።

ሞተሩ ሲጠፋ ወዲያው ሽቦ መፍታት

መለዋወጫ ፊውዝ፣ አንድ ሜትር ሽቦ፣ ማሸጊያ ፕላስተር፣ ፒንሳና ቴስተር ከዕቃው ሁሉ በላይ ይቀመጡ። ከማውጣትዎ በፊት ግን መሪው ላይ ያለውን ቀይ ማጥፊያ ይመልከቱ፤ በጓንት ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የጎን መቆሚያውን ይዩ፤ ብዙ ሞተር ሳይክሎች መቆሚያው በደንብ ካልታጠፈ ማርሽ ሲገባ ይጠፋሉ፣ ይህን የሚቆጣጠረው የመቆሚያው ማብሪያም በጭቃ ይያዛል። ከዚያ ፊውዙን፣ ከዚያ የባትሪውን ብሎኖች።