ለትንሽ አኳሪየም አብረው የሚኖሩ ዓሦችን እንዴት እንምረጥ?

ሱቅ ውስጥ ያለ ዓሣ አብዛኛው ገና ጫጩት ነው። ጣት የማያክለው ጎልድፊሽ በደንብ ከተያዘ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። «መስታወት ያጸዳል» እየተባለ የሚሸጠው ተራው ፕሌኮ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትርን ያልፋል። ሁለቱም ለትንሽ አኳሪየም አይሆኑም። ስለዚህ ዓሣ ስትመርጡ ዛሬ የምታዩትን መጠን እርሱት፤ ሲያድግ ስንት እንደሚደርስ ጠይቁ።

መጀመሪያ የአኳሪየማችሁን ልክ እወቁ። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ አባዙት፤ ከዚያ ለ1,000 አካፍሉት። 60 በ30 በ35 የሆነ አኳሪየም 63 ሊትር ይይዛል። ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ ግን ውሃው ወደ 50 ሊትር ይወርዳል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ለዚህ መጠን ነው። ክቡን የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን ለአበባ ተዉት፤ ዓሣ ሊኖርበት አይገባም።

ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃውን አዘጋጁ። ከዓሣው ኩስና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል። ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ላይ የሚባዙ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓሣ ይገድላሉ። ናይትሬት በመጠኑ ከሆነ ይቻላል። ባክቴሪያዎቹ በበቂ እስኪባዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ባዶ ውሃ ማዞር ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሚበሉት ነገር ያስፈልጋቸዋል። በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉበት። በመመርመሪያ ኪት ስትለኩ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት ደግሞ ከፍ ብሎ ሲታይ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ይህን መጠበቅ የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው፤ የሚገዟቸው የመጀመሪያዎቹ ዓሦች በሳምንት ውስጥ የሚያልቁትም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ቀጥሎ የቧንቧችሁ ውሃ ለየትኛው ዓሣ እንደሚስማማ እዩ። ውሃ ማፍያችሁ ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋግር ከሆነ ውሃው ማዕድን የበዛበት ነው። እንዲህ ያለው ለጉፒና ለፕላቲ ይመቻል። ኒዮን ቴትራ ግን የመጣው ከአማዞን አካባቢ ነው፤ ማዕድን ያነሰው ለስላሳ ውሃ ይስማማዋል። አዲስ አበባ የግድብም የጉድጓድም ውሃ ስለምትጠጣ ጎረቤት ሰፈር ያለ ጓደኛችሁን ከመከተል የራሳችሁን ውሃ መለካት ይሻላል። ውሃውን በኬሚካል ከመቀያየር ለውሃው የሚሆን ዓሣ መምረጥ በጣም ይቀላል።

ሙቀትም እንዲሁ። ኒዮን ቴትራ ከ22 እስከ 26፣ ቤታ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋሉ። ጎልድፊሽ ደግሞ ከ18 እስከ 22 ሲሆንለት ደስ ይለዋል፤ ስለዚህ በቂ ቦታ ቢኖር እንኳ ከእነሱ ጋር አይቀመጥም። እንደ አዲስ አበባ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝ ከተማ ለሞቃት ውሃ ዓሦች ሂተር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጠባይ እንምጣ። ሁለት ወንድ ቤታ አንድ ላይ አይገባም፤ ይጋደላሉ። ወንድ ቤታ ባለ ረጅም ጭራ ጉፒን እንደ ተቀናቃኝ አይቶ ሊያሳድደው ይችላል። ታይገር ባርብ የሌላውን ክንፍና ጭራ ይነጫል። አንጀልፊሽ ሲያድግ ኒዮን ቴትራ አፉ ውስጥ ይገባለታል፤ ይበላዋል። ሰላማዊዎቹም ቢሆኑ ወገን ይፈልጋሉ። ኒዮን ቴትራና ኮሪዶራስ ከ6 ማነስ የለባቸውም። ሁለት ኒዮን ብቻ ከገዛችሁ ፈርተው ቅጠል ስር ተደብቀው ይውላሉ፣ ቀለማቸውም ይደበዝዛል። «ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ስጠኝ» የሚለውን የግዢ ልማድ የምቃወመው ለዚህ ነው። ጥቂት ዓይነት፣ ከአንዱ ዓይነት ግን በርከት አድርጎ መያዝ ነው የሚሻለው።

ለ50 ሊትር እኔ የምመክረው ከሦስቱ አንዱን ነው። ውሃችሁ ለስላሳ ከሆነ 8 ኒዮን ቴትራና 6 ፒግሚ ኮሪዶራስ አድርጉ። ኒዮኖቹ መሃሉን ይይዛሉ። ኮሪዶራሶቹ ከ3 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፉም፤ ታች ወርደው ምግብ ይፈልጋሉ። ጢማቸው እንዳይቆስል ከታች ደቃቅ አሸዋ አንጥፉላቸው። ውሃችሁ ማዕድን የበዛበት ከሆነ 6 ወይም 7 ወንድ ጉፒዎች ብቻቸውን ይበቃሉ። ሴት ጉፒ አትጨምሩ። ከሱቅ የመጣች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ያረገዘች ናት። የወንዱንም ዘር ይዛ ስለምትቆይ ያለ ወንድ ለወራት በየወሩ ገደማ ትወልዳለች። ሦስተኛው ምርጫ አንድ ወንድ ቤታ ከቀንድ አውጣ ጋር ነው። ቤታ ከላይ አየር መሳብ ስለሚችል መብራት ጠፍቶ ፊልተር ሲቆም ከሌሎቹ የተሻለ ይቋቋማል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለምትኖሩ የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው። ሌላውን ዓይነት ከያዛችሁ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አይጥፋ።

ዓሦቹን በአንድ ቀን አታስገቡ። መጀመሪያ አንዱን ዓይነት አስገቡና ሁለት ሳምንት ጠብቁ። አሞኒያው ዜሮ ከሆነ ሁለተኛውን ጨምሩ። ዓሣው የመጣበትን ላስቲክ ውሃው ላይ 15 ደቂቃ አንሳፉት፤ ከዚያ በየትንሽ ጊዜው የአኳሪየሙን ውሃ ጨምሩበት። መጨረሻ ላይ ዓሣውን በመረብ አውጡት፤ የሱቁ ውሃ አይግባ። በየሳምንቱ ከውሃው አንድ አራተኛውን ቀይሩ። ክሎሪን ያለበት ውሃ በክፍት ባልዲ 24 ሰዓት ቢያድር ክሎሪኑ ይተናል። አሜሪካ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ብዙ ከተሞች ክሎራሚን ይጠቀማሉ፣ እሱ እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በተለይ ምግብ ስትሰጡ ቁጭ ብላችሁ እዩዋቸው። የተነጨ ክንፍ፣ ጥግ ይዞ የሚቀር፣ ለምግብ የማይወጣ ዓሣ ካለ አንዱ እያሳደደው ሊሆን ይችላል። ይለመዳል ብላችሁ አትጠብቁ፤ አሳዳጁን ለዩት። ለሱቁ መልሱት፣ ወይም ትልቅ አኳሪየም ላለው ሰው ስጡት። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ግን በፍጹም አትልቀቁት። በሽታ ሊያስገባ፣ ከተራባም የአገሬውን ዓሣ ቦታና ምግብ ሊቀማ ይችላል።