የክትባትዎ ጥበቃ እስከ መቼ ይቆያል? ለሩማቶይድ አርትራይተስና ለሉፐስ ታማሚዎች

ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ሉፐስና መሰል ሕመሞች የሚመጡት የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል ሲያጠቃ ነው። ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ብዙዎቹ ይህንኑ መከላከያ ስለሚያዳክሙ፣ ከክትባት በኋላ የሚመረተው ፀረ እንግዳ አካል ከጤነኛ ሰው ያነሰ ወይም ቶሎ የሚመናመን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክትባቱ ስንት ዓመት ይቆያል ለሚል ሰው መልሱ በክትባቱ ዓይነት ብቻ አይወሰንም፤ የትኛው መድኃኒት፣ በምን መጠን፣ መቼ ተወሰደ የሚለውም አብሮ ይታያል።

ከሁሉ አስቀድመው አንድ ደብተር ያዘጋጁ። የክትባቱን ስም፣ ስንተኛ ዙር እንደሆነና የተሰጠበትን ቀን፣ ከጎኑም በዚያ ሰሞን ይወስዱት የነበረውን መድኃኒት ከነመጠኑ ይጻፉ። የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ እንጂ በቁጥር አያስቀምጡ። ይህን አጥብቄ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አዘዞ የሚኖሩት አክስቴ ሪቱክሲማብ የተባለውን መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት በደም ሥር የወሰዱበት ወረቀት «10/1/23» ይላል፤ የሦስተኛው ዙር የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ቀጠሯቸው ደግሞ «10/7/15»። ከአንደኛው ወር እስከ ሰባተኛው፣ ከመድኃኒቱ በኋላ የሚጠበቀው ስድስት ወር ሞልቷል ብዬ ያስከተብኋቸው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለነበር ጥር 2 ማለት ነው፤ ሁለተኛው መጋቢት 10። በመካከላቸው የነበረው 68 ቀን ብቻ ነው። በኋላ የተደረገው የደም ምርመራ የሚፈለገውን መጠን ሳያሳይ ቀረና ክትባቱን እንደገና ጀመሩ።

ሪቱክሲማብ ፀረ እንግዳ አካል ወደሚያመነጩ ሕዋሳት የሚለወጡትን ቢ ሕዋሳት ስለሚያጠፋ፣ በተቻለ መጠን ክትባቱ ከመጨረሻው የመድኃኒቱ ዙር 6 ወር ቆይቶ፣ ከሚቀጥለው ደግሞ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሰጥ ይመረጣል። ቀደም ሲል ከተወሰደ ክትባት የተገኘውን ጥበቃ ግን በአመዛኙ አያጠፋውም፤ እንግዲያው መድኃኒቱን ሳይጀምሩ መከተብ ትልቅ ጥቅም አለው። ፕሬድኒሶሎን በቀን 20 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው፣ ከኢንፍሉዌንዛ በስተቀር ሌሎቹን ክትባቶች የመድኃኒቱ መጠን እስኪቀንስ ሊያቆያቸው ይችላል። ሜቶትሬክሴትን በተመለከተ፣ ሕመሙ ጋብ ካለ ሐኪሙ ከኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኋላ ለ2 ሳምንት ሊያቆመው ይችላል፤ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን ሕመሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል አይገባም። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ብቻ የሚወስዱ ብዙም አይቸገሩም።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ጥበቃ በወራት ውስጥ ስለሚቀንስና ቫይረሱም ስለሚለዋወጥ በየዓመቱ ይደገማል። ክትባቱ ለመሥራት 2 ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ፣ ጥር 11 ቀን ፋሲለደስ መጠመቂያ ሕዝብ መሐል ለመቆም ያሰበ ሰው ከታኅሣሥ 20 በፊት ቢከተብ መልካም ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በ10 ዓመት ይደገማል፤ ቁስሉ የቆሸሸ ወይም ጥልቅ ከሆነና 5 ዓመት ካለፈ ግን 10 ዓመቱ አይጠበቅም። የሳንባ ምች ክትባት ከአንድ ዓይነት በላይ ስለሆነና የድግግሞሹ ጊዜ ስለሚለያይ፣ በብልቃጡ ላይ ያለውን ስም በደብተርዎ ያስገልብጡ።

በሄፓታይተስ ቢ ላይ ግን መገመት አያስፈልግም፤ ጥበቃው በደም ምርመራ ይለካል። አገራችን ይህን ክትባት ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ዛሬ ጎልማሳ የሆነ ሰው በሕፃንነቱ ወስጃለሁ ብሎ መተማመን የለበትም። ከመጨረሻው ዙር 1 እስከ 2 ወር ቆይቶ የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን በአንድ ሚሊሊትር ደም 10 ሚሊ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትባቱ ይዟል። መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ምርመራውን በየዓመቱ መድገምና ከ10 በታች ሲወርድ ተጨማሪ መከተብ ሐኪሙ ሊያዝለት ይችላል።

የኩፍኝና የቢጫ ወባ ክትባቶች የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለባቸው፣ እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ፈጽሞ መከተብ የለበትም። ለጉዞ ቢጫ ካርድ የተጠየቀ ሰው አስቀድሞ የድሮ ካርዱን ይፈልግ፤ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ የቢጫ ወባ የምስክር ወረቀት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ደብተሩን በየቀጠሮው ይያዙ። ትኩሳት ከተነሣብዎ ግን ተከትቤያለሁ ብለው ቤት አይቆዩ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሄደው የሚወስዱትን መድኃኒት ስም አስቀድመው ይንገሩ።