ነርቩ የወጣ ጥርስ እንደገና ሲያብጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ዶክተር፣ ነርቩ ተገድሏል ተብዬ ነበር እኮ። ታዲያ ምኑ ነው የሚያመኝ?»

ሩት ካናል (ነርቩን አውጥቶ በጥርሱ ሥር ውስጥ ያለውን ቀጭን ቦይ አጽድቶ መሙላት) ካሠሩ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ጥርሳቸው ያበጠባቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። የሞተው ነርቩ ነው። ባክቴሪያው ግን ሥሩ ውስጥ ተርፏል። የሚያመውም በሥሩ ዙሪያ ያለው አጥንትና ጅማት ነው።

ከሚተርፉት መካከል በጣም የሚታወቀው ኢንተሮኮከስ ፌካሊስ ይባላል። ምግብ ሳያገኝ ለወራት ይቆያል። በሥሩ ግድግዳ ላይ ባሉት በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። ባክቴሪያ እንዲገድል ቦዩ ውስጥ የምናስቀምጠው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤቹ (የአልካሊነቱ መለኪያ) 12.5 አካባቢ ነው። ይህ ባክቴሪያ እስከ 11.5 ገደማ ይቋቋማል። ጥርሱ ራሱ ደግሞ የመድኃኒቱን ጉልበት ስለሚያለዝበው፣ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚደርሰው ደክሞ ነው።

ትልቁ ስህተት «ካላመመኝ ድኗል» ማለት ነው። ድዱ ላይ ብጉር የምትመስል ነገር ትወጣለች። ትፈነዳለች፣ መግል ታወጣለች፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። መግሉ መውጫ ስላገኘ ሕመም የለም። ውስጥ ግን አጥንቱ እየተበላ ነው። ይህን የሚያሳየው ራጅ ነው፤ የሥሩ ጫፍ ላይ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ባያማችሁም ከዓመት በኋላ ራጅ ተነሡ።

ሁለተኛው አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ነው። መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው። ነርቩ በወጣ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም የለም። እብጠቱ ይቀንስ ይሆናል፣ ምንጩ ግን እዚያው ነው። ትኩሳት ካለ፣ እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከተስፋፋ፣ መዋጥ ካስቸገረ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

ሕክምናውን አቋርጦ መጥፋትም አለ። አንዲት እናት ጊዜያዊ ሙሌት ተደርጎላቸው «ሕመሙ ቆመልኝ» ብለው ለአራት ወር ቀሩ። ሲመለሱ ሙሌቱ ግማሹ ተፈርፍሯል። ከሙሌቱ በታች ያወጣሁት ጥጥ ጠቁሮ፣ በምራቅ ርሶ፣ ይሸታል። ጊዜያዊ ሙሌት የሚያገለግለው ለሳምንታት ብቻ ነው። ቋሚውን ሙሌትና ክራውኑን (ጥርሱን የሚሸፍነውን ቆብ) ማዘግየት ለባክቴሪያው በር ከፍቶ መተው ነው።

የእኛም የባለሙያዎቹ ጥፋት አለ፣ መደበቅ አልፈልግም። ራበር ዳም የምንለውን ጎማ ሳያስሩ የሚሠሩ አሉ፤ ያኔ ምራቅ ቀጥታ ቦዩ ውስጥ ይገባል። የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስም ብዙ ጊዜ አራተኛ ቀጭን ቦይ አለው። ካልተፈለገ ሳይጸዳ ይቀራል። «ጎማውን ታደርጉልኛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ቦዩን የምናጥብበት ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በረኪና ውስጥ ያለው ኬሚካል ነው። ይህን ሰምታችሁ ቤት ውስጥ በበረኪና እንዳትጉመጠመጡ፣ አደራ። ነጭ ሽንኩርትም ድድ ያቃጥላል እንጂ ሥር ውስጥ አይገባም።

የመጨረሻው «ከሸፈ፣ ይነቀል» ብሎ መቸኮል ነው። አሮጌው መሙያ ወጥቶ ቦዩ እንደገና ሊታጠብ ይችላል። ያ ካልሆነ በትንሽ ቀዶ ሕክምና የሥሩ ጫፍ ይቆረጣል። ሥሩ ከላይ እስከ ታች ከተሰነጠቀ ግን ብዙውን ጊዜ መንቀሉ ይሻላል። ስንጥቁን አስተማምኖ የሚዘጋልን ነገር የለም።