የሚኒባሷ ሚኒሞ አልረጋ ሲል

የቤንዚን ሚኒባሳችን ነዳጅ ሲረገጥ ደህና ናት። ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ፒያሳ እስክንወጣ ምንም አትልም። ቆማ ሰው ስትጭን ግን ሚኒሞዋ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ትንቀጠቀጣለች። ካንዴላ ቀይሩ ተባልን። እኔ ግን ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ከካርቡራተሩ አካባቢ "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሞተሩ የመሳብ ኃይል የሚተላለፍበት ቱቦ፣ የቫኪዩም ጎማው፣ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ከዚህ በፊት የነካው ሰው በናስትሮ ጠቅልሎታል። ይሄ ጥገና ነው እንግዲህ! ሙቀትና ዘይት ሙጫውን አለስልሰውት ጫፉ ተነስቷል፤ በዚያ በኩል አየር ይስባል። ከስንጥቁ ወዲህ፣ ሞተሩ በኩል፣ ጎማውን በፒንሳ ቀስ ብዬ ጨመቅ ሳደርገው ሚኒሞው ወዲያው ረጋ።

አሮጌውን ለልክ ይዤ ሄጄ፣ የውስጡ ስፋት ከአሮጌው እኩል የሆነ፣ ግድግዳው ወፍራም የቫኪዩም ጎማ ገዛሁ። ስስ የውሃ ቱቦ አይሆንም፤ ሲሳብ ይጣበቃል። ቀየርኩት፣ ጫፍና ጫፉን በማሰሪያ አጠበቅኩ። ያ ሰው ችግሩን ለመሸፈን ያጠበቀውን የሚኒሞ ቪትም ወደ ቦታው መለስኩት።