የጥንት ግሪክ ወታደርና የጦር መርከብ ሲሠራ የሚበላሹ ነገሮች፦ ችግርና መፍትሄ

የግሪክ ወታደር ስላችሁ ወይም ሞዴል ሠርታችሁ ስትጨርሱ "የሆነ ነገር ልክ አልመጣም" ካላችሁ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የእጃችሁ አይደለም። ዘመን ተደባልቆ ነው። የ700 የራስ ቁር፣ የ480 ጋሻ፣ የ330 ጦር ሁሉም አንድ ሰው ላይ ተጭኗል። ስለዚህ ቀለምና ኮላ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ዓመት ምረጡና ወረቀት ላይ ጻፉት። እኔ እዚህ የምይዘው 480ን ነው፣ የቴርሞፒሌና የሳላሚስ ውጊያ የተካሄደበትን ዓመት። ጥንታዊዎቹ ዓመቶች ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።

ጋሻው ሰውየው ላይ የተለጠፈ ይመስላል

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ነው። ምክንያቱ አያያዙ ነው። እኛ ጋሻ ሲባል የሚታየን የራሳችን የቆዳ ጋሻ ነው፤ መያዣው ከጀርባው መሀል ላይ ነው፣ በጡጫ ይጨበጣል። የግሪኩ እንደዛ አይደለም። መሀሉ ላይ ሰፊ የነሐስ ቀለበት አለ፣ ክንድ እስከ ክርን ድረስ እዚያ ውስጥ ይገባል። እጅ የሚጨብጠው ደግሞ ጠርዙ አጠገብ ያለውን ገመድ ወይም ማሰሪያ ነው። ስለዚህ ክርኑ ጋሻው መሀል፣ ጡጫው ጋሻው ጫፍ ላይ መሆን አለበት። እንዲህ ሲያዝ የጋሻው ግማሽ ከባለቤቱ በስተግራ ወጥቶ ይቀራል፣ እና ያ ትርፍ ግማሽ ነው በስተግራ የቆመውን ጓደኛ የሚሸፍነው። የጥንቱ ግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ እንደጻፈው ሰልፍ ሲራመድ ሁሉም ወደ ቀኝ ይሳብ ነበር፤ እያንዳንዱ በቀኙ ካለው ሰው ጋሻ ሥር ለመግባት ስለሚጠጋ። ብዙ ሰው ያለበት ሥዕል ከሆነ ይሄን አሳዩ፣ ሰልፉ ወዲያው ነፍስ ይዘራል።

መጠኑም ይሳሳታል። ስፋቱ 90 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፣ ክብደቱ 7 ኪሎ ገደማ። ውስጡ እንጨት ነው፣ ላዩ በስስ ነሐስ ይለበጣል። ጠፍጣፋም አይደለም፤ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ገብቶ ዳር ላይ በድንገት ይታጠፍና ጠፍጣፋ ከንፈር ያወጣል። ያ ከንፈር ትከሻ ላይ ያርፋል፣ ክብደቱን የሚያቀለው እሱ ነው። በ1፡35 ልኬት ስፋቱ 26 ሚሊሜትር፣ በ1፡72 ደግሞ 12.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ ክብ ቁረጡ፣ ክብ ጫፍ ባለው ነገር ከመሀል ወደ ዳር ቀስ እያላችሁ ጫኑት፣ ዳሩን ግን 1 ሚሊሜትር ያህል ሳትነኩ ተዉት። ደግሞ ክንዱን ቀድማችሁ ሥሩ፣ ጋሻውን ኋላ አግቡ። በተቃራኒው ከሄዳችሁ ክርኑ መቼም ቦታውን አያገኝም።

ሁሉም ስፓርታዊ ጋሻው ላይ ላምዳ አለው

ይሄ የፊልም ነገር ነው። ላምዳ (Λ) የምትባለዋ የግሪክ ፊደል ከስፓርታ ጋሻ ጋር ተያይዛ የምትጠቀሰው በአምስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ለ480 የሸክላ ዕቃዎቹን ሥዕል እዩ፦ አውራ ዶሮ፣ አንበሳ፣ የበሬ ራስ፣ እባብ፣ የጎርጎን (ፀጉሯ እባብ የሆነ የተረት ጭራቅ) ፊት። ሁሉም የየራሱ ምልክት ይኑረው።

ነሐሱ አረንጓዴ ሆነ

ሙዚየም ውስጥ ያየነውን ስለምንቀባ ነው። አረንጓዴው የመጣው ከሺህ ዓመታት የአፈር ቆይታ ነው። ባለቤቱ ሲለብሰው ነሐስ ወርቃማ ነበር፣ ያብረቀርቅ ነበር፣ ይወለወል ነበር። መጀመሪያ ጥቁር ቡና ቀለም፣ ከዚያ ወርቃማ፣ ከዚያ በጣም የቀጠነ ቡናማ ስንጥቁና ጥጉ ውስጥ ብቻ እንዲገባ አድርጉ። አለቀ።

ደረቱ ራቁት ነው

ግሪኮች ጀግናን ራቁቱን መሳል ይወዱ ነበር፣ የሥነ ጥበብ ልማድ ነው እንጂ ማንም እንደዛ ሰልፍ አልገባም። የውጊያ ልብስ ለማየት በርሊን ያለውን የሶሲያስ ጽዋ ፈልጉ፤ 500 ገደማ የተሠራ ነው። የትሮይ ጦርነት ጀግናው አኪሌስ የጓደኛውን የፓትሮክሎስን የቆሰለ ክንድ እያሰረለት ነው። የፓትሮክሎስ የጥሩሩ የትከሻ ክፍል ተፈቷል፣ ተፈቶም አልተንጠለጠለም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሟል። ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን፦ ጥሩሩ ደረቅና ወፍራም ነበር። ከተልባ እግር ጨርቅ ነው ወይስ ከቆዳ የሚለው ዛሬም ያከራክራል፣ ለእናንተ ግን ዋናው እንደ ሸሚዝ እንዳይተጣጠፍ ማድረግ ነው። ነጭ ቀቡት፣ ከሥሩ አጭር ቀሚስ ይታይ።

ጦሩ ከጋሻው ጀርባ እንደ ስልክ እንጨት ረዝሞ ከታየ፣ የመቄዶንያውን በሁለት እጅ የሚያዝ ጦር ነው የሠራችሁት። ያ ከመቶ ዓመት በላይ ይዘገያል። ለ480 ከ2 እስከ 2.5 ሜትር በቂ ነው፣ ከታች የነሐስ ሹል አድርጉለት።

መርከቧ ወፍራም ሆነች

አሁን ወደ ትራይሪም፣ በየጎኗ ሦስት ረድፍ መቅዘፊያ ወዳላት የግሪክ የጦር መርከብ። ወፍራም የምትሆነው የንግድ መርከብ አካል ስለሚሰጣት ነው። በአቴንስ ወደብ በፒሬየስ፣ ዜያ ላይ የተቆፈሩት የመርከብ ማደሪያዎች ከምንም በላይ ይረዱናል፤ እዚያ የማይገባ መርከብ ትራይሪም ሊሆን አይችልም። በዚያ ልክ ተሰልታ የተሠራችውና በ1987 እ.ኤ.አ. የግሪክ ባሕር ኃይልን የተቀላቀለችው ኦሊምፒያስ 37 ሜትር ያህል ትረዝማለች፣ 5.5 ሜትር ትሰፋለች። በ1፡72 ወደ 51 በ7.6 ሴንቲሜትር ነው። ቀጭን፣ ዝቅ ያለች ትሁን። ኮምፔንሳቶው ስስ ይሁን፣ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ሞርዱት።

መቅዘፊያዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ

ሰው ሦስቱን ረድፍ እንደ ፎቅ ቤት አንዱን በአንዱ ራስ ላይ ይደረድርና የላዩን መቅዘፊያ በጣም ያስረዝመዋል። እንደዛ ከሆነ መጋጨቱ አይቀርም። እያንዳንዱ ቀዛፊ አንድ መቅዘፊያ ብቻ ነው ያለው፣ ርዝመታቸውም በሦስቱም ረድፍ ከ4 እስከ 4.2 ሜትር ነው። ልዩነቱ አቀማመጡ ላይ ነው፦ የላዩ ሰው ከመርከቧ ጎን ወጣ ብሎ በተሠራው ድጋፍ ላይ ይቀዝፋል፣ የመሀሉና የታቹ ከእሱ ወደ ውስጥና ዝቅ ብለው፣ ደግሞም በመርከቧ ርዝመት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተሸጋሽገው ይቀመጣሉ። ላይ 62፣ መሀል 54፣ ታች 54፣ ጠቅላላ 170። አቴንስ አክሮፖሊስ ሙዚየም ያለው የሌኖርማን ቅርጽ የሚባለው የድንጋይ ላይ ቅርጽ የላዮቹን ቀዛፊዎች ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

በእጅ ሲሠራ እንዲህ ነው። በ1፡72 አንድ መቅዘፊያ 5.8 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ ስቴኪኒ ጫፏ ትንሽ ተቆርጣ ልክ ትመጣለች። ጫፉ ላይ ወፍራም ወረቀት በኮላ ለጥፉ። ከታችኛው ረድፍ ጀምሩ፤ ቀዳዳው ከውኃው በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ በሞዴሉ 7 ሚሊሜትር፣ ውኃ እንዳይገባም የቆዳ እጅጌ ነበረው። በቀዛፊና በቀዛፊ መሀል ኦሊምፒያስ ላይ 0.88 ሜትር ተሰጠ፣ ቀዛፊዎቹም ጠበበን አሉ፤ ከዚያ በኋላ 0.98 ይሻላል የሚል ሐሳብ መጣ። ማንኛውንም ምረጡ፣ ግን ካርቶን ላይ አንድ መለኪያ ቆርጣችሁ ለሁሉም ረድፍ እሱኑ ተጠቀሙ።

ሸራ ተወጥሮ እየተዋጋች ነው

ለውበት ይሆናል፣ ግን ልክ አይደለም። ውጊያ በመቅዘፊያ ነው። ትልቁ ሸራ ብዙ ጊዜ ባሕር ዳር ይቀመጥ ነበር፤ በ405 ከአይጎስፖታሞይ ሽንፈት ያመለጠው የአቴንስ አዛዥ ኮኖን የስፓርታውን አዛዥ የሊሳንደርን መርከቦች ትልልቅ ሸራዎች አባርኒስ ላይ አግኝቶ ወስዷቸዋል። ምሰሶውን አውርዱት፣ ወይም መርከቧን በጉዞ ላይ አሳዩ።

የፊቱ መውጊያ መርከቧን ይጎትታታል

መውጊያው የጠላት መርከብ የሚመታበት፣ ከፊት የሚገጠም የነሐስ ሹል ነው። ብዙ ሰው የሚቀዳው በ1980 እ.ኤ.አ. እስራኤል አትሊት ባሕር ውስጥ የተገኘውን ነው። 465 ኪሎ የሚመዝን ድንቅ ነገር ነው፣ እስራኤል ያላችሁ ሃይፋ የባሕር ሙዚየም ሄዳችሁ እዩት። ነገር ግን የትልቅና የኋለኛ ዘመን መርከብ ነው። ኦሊምፒያስ ላይ የተገጠመው ወደ 200 ኪሎ ነው፣ የእናንተንም በዚያው መጠን አሳንሱት።

ላዩ በወታደር ተጨናነቀ፣ ታቹ በሰንሰለት ታሰረ

ሁለቱም ቢቀሩ ይሻላል። የጥንቱ ጸሐፊ ፕሉታርክ ለሳላሚስ በአንድ መርከብ 18 ተዋጊ ይሰጣል፣ 4ቱ ቀስተኞች። የላዩ ወለልም ያኔ ገና ሙሉ አልነበረም፣ መሀሉን ክፍት ተዉት፣ አጥርም አታድርጉበት። ሰንሰለቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጡት መርከቦች ታሪክ ነው። የአቴንስ ቀዛፊዎች በአብዛኛው ደመወዝ የሚከፈላቸው ነፃ ሰዎች ነበሩ። በ429 ፔሎፖኔዛውያን (ስፓርታና አጋሮቿ) ፒሬየስን በድንገት ለመምታት ሲያስቡ፣ እያንዳንዱ ቀዛፊ መቅዘፊያውን፣ መቀመጫ ትራሱንና የመቅዘፊያውን ማሰሪያ ይዞ ከቆሮንቶስ በእግሩ እንዲሻገር ታዝዞ ነበር። ከመርከቧ ጎን የሚቆም ምስል ከፈለጋችሁ እሱን ሥሩ፦ ትራስ በብብቱ፣ መቅዘፊያ በትከሻው፣ በ1፡72 ሰውየው 2.3 ሴንቲሜትር፣ መቅዘፊያው ከሁለት እጥፉ በላይ።