አልገባ ያለ ፕራይመር፦ ጉልበት ከመጨመር በፊት

አሜሪካ ውስጥ የተተኮሰ ቀለህን መልሶ ለራስ መሙላት የተለመደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ጀማሪውን ቶሎ የሚያማርረው ፕራይመር ማስገባት ነው። ፕራይመር ቀለሁ ቂጥ ላይ የምትገባ፣ የጠመንጃው መርፌ ሲመታት ባሩዱን የምታቀጣጥል ትንሽ የብረት ኩባያ ነች። ጠበቅ ብላ መግባቷ ጥሩ ነው። ጭራሽ አልገባ ካለች ግን ጉልበት መጨመር አያዋጣም፤ ምክንያት አላት።

መነጽር አድርጉ። ባሩዱን ከጠረጴዛው አንሱ። የፕራይመሩን ሳጥንም ራቅ አድርጉት፤ አንዷ ብትፈነዳ ሌሎቹን እንዳታስከትል።

መጀመሪያ መጠኑን እዩ። የጠመንጃ ፕራይመር ሁለት ዓይነት ነው፦ ትንሹ ስፋቱ 4.45 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ትልቁ 5.33። ባለ .223 ቀለህ (ቁጥሩ የጥይት ዓይነት መጠሪያ ነው) ትንሹን ይወስዳል፣ .30-06 ትልቁን። .308 ግን ያሳስታል። አብዛኛው ለትልቁ የተሠራ ቢሆንም ትንሹን የሚወስድም አለ።

መጠኑ ልክ ከሆነ ቀለሁን ገልብጡና ቂጡን አስተውሉ። ክብ ውስጥ ያለ መስቀል ካያችሁ የኔቶ ምልክት ነው፤ ጥይቱ ለወታደር የተሠራ ነበር ማለት ነው። ፋብሪካው ፕራይመሯ በተኩስ መሃል ወጥታ መሣሪያውን እንዳታጨናንቅ የምትቀመጥበትን ጉድጓድ አፍ ወደ ውስጥ ቀጥቅጦ ያጠብበዋል። አሮጌዋ ስትወጣ ያ የጠበበ አፍ እንዳለ ይቀራል። አዲሷ እሱ ላይ ስታርፍ ትጨማደዳለች። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው፦ አፉን በብረት ዘንግ ገፍቶ ማስፋት ወይም በመላጫ መላጨት። እኔ ማስፋቱን እመርጣለሁ፤ ብረት አይቀንስም። መላጫው ፈጣን ነው፣ ግን እጅ ትንሽ ከበዛ ጉድጓዱ ይላላል፤ የላላ ቀለህ ደግሞ የሚጣል ነው። አንዴ የተስተካከለ ቀለህ ሁለተኛ ይህን አይፈልግም። ታች የተጋገረ ጥቀርሻ ካለም ጥረጉት።

አሁን በእጅ በሚሠራ የፕራይመር ማስገቢያ አዲሷን በዝግታ ግፉ። መጀመሪያ ጎኗ ሲታከክ ይሰማችኋል፣ ከዚያ ታች ስትደርስ ቀጥ ትላለች። እዚያ ላይ በቃ። ጠመም ካለች ወዲያው አቁሙ፤ በመዶሻ መምታትማ አይታሰብም።

ጣታችሁን ቂጡ ላይ አሳልፉ። ፕራይመሯ ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ገባ ማለት አለባት። ወጣ ብላ ከቀረች የመርፌው ምት እሷን ወደ ውስጥ በመግፋት ያልቅና ጥይቱ ይከሽፋል። እንደ ኤም1 ጋራንድና ኤአር-15 መርፌያቸው በነፃ በሚንቀሳቀስ ጠመንጃዎች ላይ የባሰ አለ፤ ቃታ ሳይሳብ ሊተኩስ ይችላል። ቀለሁ ባዶ እያለ ቀስ ብሎ መልሶ መግፋት ይቻላል። ባሩድና አረር ከገቡበት በኋላ ግን አይነካም፤ መጀመሪያ ይፈታ።

ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የብዙዎቹ ፕራይመሮች ቅመም እርሳስ አለበት።