ሮቶው ውሃ አለው፣ ስክሪኑ ግን 0 ይላል

እናቴ ቤት፣ ጎንደር ማራኪ፣ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ስለዚህ 1000 ሊትሩ ሮቶ ውስጥ ተንሳፋፊ አስገባሁ። ከ10 ኪሎ ኦም ቮልዩም (ሲዞር የመሃል እግሩ ቮልቴጅ የሚቀየር ሬዚስተር) ጋር አያይዤ ንባቡን ኢኤስፒ32 ለሚባለው ባለዋይፋይ ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ ሰጠሁት። አንድ ማለዳ ስክሪኑ 0 አለ። እማዬ ሮቶውን በጣቷ አንኳኳችና «ኧረ ልጄ፣ ውሃ አለው» አለችኝ። ቧንቧውን ስትከፍተው ሁለት ጀሪካን ሞላ።

ተንሳፋፊው ደህና ነበር። ችግሩ አገጣጠሜ ላይ ነው። የዚህ ቺፕ ኤዲሲ (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) በሰፊው የመለኪያ ክልሉ የሚታመነው በግምት ከ0.15 እስከ 2.45 ቮልት ነው። ከዚያ ውጭ መስመሩ ይጎብጣል፣ ጫፎቹ ላይ ጭራሽ ይደርቃል። እኔ ደግሞ ከ0 እስከ 3.3 ቮልት ነበር የሰጠሁት።

ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ሲደርሱ ወዲያው ኮድ ውስጥ ይገባሉ። ግን አንዴ 0 ተብሎ የተነበበ ቮልቴጅ 0.02 ይሁን 0.1 በምን ይለያል? በምንም ቀመር አይመለስም። መጀመሪያ ሰርኪዩቱ ይስተካከል።

ከቮልዩሙ ጋር በተከታታይ ሁለት ሬዚስተር በይዱ፦ በ3.3 ቮልቱ በኩል 4.7 ኪሎ ኦም፣ በግራውንዱ በኩል 1 ኪሎ ኦም። አሁን የመሃል እግሩ የሚሄደው ከ0.21 እስከ 2.31 ቮልት ብቻ ነው። ፒኑ ሥር 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ አስገቡ። ዋይፋይ ካለ ከ32 እስከ 39 ካሉት ፒኖች አንዱን ተጠቀሙ፤ የሁለተኛው ኤዲሲ (ኤዲሲ2) ፒኖች ከዋይፋይ ጋር አይስማሙም።

64 ጊዜ አንብባችሁ አማካዩን ውሰዱ። ይህ መንቀጥቀጡን ያበርዳል እንጂ የጎበጠውን አያቀናም።

የሚያቀናው ሰንጠረዥ ነው። ቮልዩሙን በእጅ እያዞራችሁ 11 ቦታ ላይ አቁሙት። በየቦታው የመሃል እግሩን በቴስተር ለኩ፣ ከኤዲሲው ቁጥር ጎን ጻፉት። ኮዱ በሁለት ጎረቤት ነጥቦች መካከል ቀጥ ያለ መስመር ያስምር። ሁለት ነጥብ ብቻ ከወሰዳችሁ መነሻውንና ተዳፋቱን ታስተካክላላችሁ፣ ጉብጠቱ ግን ቦታው ይቀራል። የእኔን ሰንጠረዥ ደግሞ አትቅዱ። የቺፑ የውስጥ ማመሳከሪያ ቮልቴጅ 1100 ሚሊቮልት ይባላል እንጂ ከቺፕ ቺፕ ከ1000 እስከ 1200 ይለያያል።

መጨረሻ ላይ ሰንጠረዡ ውስጥ በሌሉ ቦታዎች ቮልዩሙን አቁማችሁ ፈትሹ። የእኔ ከ2.2 ቮልት በላይ ትንሽ ይስት ነበር፤ እዚያው ሁለት ነጥብ ጨመርኩ።